ቁስለኛ አውሬና ሁለተኛው ጥይት

በጥይት የተመታ አውሬ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይወድቅም። ጥይቱ አንጎልን ወይም ሰረሰርን ካልመታ በቀር የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው፤ ደሙ እስኪጎድል ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ልቡ የተመታ እንስሳ እንኳ በሰውነቱ ውስጥ በቀረው ኦክስጅን አሥር ሰከንድ ያህል ሊሮጥ ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚፈረጥጥ ሳላ በ10 ሰከንድ 140 ሜትር ገደማ ይርቃል። አዋሽ አካባቢ ባለው የግራር ጥሻ ይህ ርቀት ከዓይን ለመሰወር ከበቂ በላይ ነው።

የሳላ ልብ ብዙ ሰው ከሚገምተው ዝቅ ብሎ በፊት እግሮቹ መካከል ይገኛል። የትከሻው ጉብታ ዓይንን ስለሚያታልል ተኳሹ ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል። ጥይቱ ከሰረሰሩ በላይ የቆሙትን አጥንቶች ብቻ ሲመታ ነርቩ ለጊዜው ይደነዝዝና እንስሳው በቆመበት ይዘረራል። አዳኙ ግዳይ የጣለ መስሎት ጠመንጃውን ሲያወርድ፣ የሞተ የመሰለው ሳላ ተነስቶ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ተኩስ ድንገት የወደቀ አውሬ ከሁሉ ይበልጥ ሊጠረጠር ይገባዋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከተኮሱ በኋላ ዓይንን ከእንስሳው ሳይነቅሉ ወዲያው ሌላ ጥይት ማጉረስ፣ በእግሩ ከቆመ ወይም ለመነሳት ከሞከረ ደግሞ መድገም። ሥጋው ወይም ቆዳው ይበላሻል ብሎ ሁለተኛውን ጥይት መቆጠብ በእንስሳው ስቃይ ላይ መጨከን ነው።

የጥይቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የአደን ጥይት አካል ውስጥ ሲገባ ጫፉ ተከፍቶ ሰፊ ቁስል ይፈጥራል። ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠው የክላሽ ጥይት ግን ብዙ ጊዜ ጠባብ ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል፤ በሕገወጥ አደን ብዙ አውሬ ቆስሎ የሚያመልጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሰመራን በመሰለ ገላጣ ሜዳ ላይ ሌላ ፈተና ይጨመራል። የሜዳ ፍየል ከሩቅ ስለሚታይ በሩቁ መተኮስ ያጓጓል፤ ከጋለ መሬት የሚነሳው ትኩስ አየር ግን ብርሃንን አጣምሞ ዒላማውን ከቦታው ያዛንፋል። ጥይት 300 ሜትር ለመጓዝ 0.4 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት እንስሳው አንድ እርምጃ ቢራመድ ለሳንባው የታሰበው ጥይት ሆዱን ያገኘዋል።

ቁስለኛው ካመለጠ ፍለጋው የሚጀምረው ከደሙ ነው። አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ደም ሳንባን፣ ጠቆር ያለው አብዛኛውን ጊዜ ጉበትን፣ ከሣር ፍርፋሪ ጋር የተቀላቀለው ጨጓራን ወይም አንጀትን ያመለክታል። ሳንባው የተመታ እንስሳ ብዙ አይርቅም። ሆዱ የተመታ ግን ቶሎ ከተከተሉት ደጋግሞ እየተነሳ ይርቃል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር አዳኞች ለሰዓታት ይጠብቁታል። በአፋር ሙቀት ይህ ጥበብ ዋጋ ያስከፍላል፦ ደሙ አሸዋው ላይ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ሥጋው ይበላሻል፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይቀድማል። ፈንታሌ ተራራ ሥር ባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ዱካ የሚባል ነገር አይቀርም። በመካከለኛው አዋሽ የተስፋፋው እሾሃማው የፕሮሶፒስ ዛፍ ደግሞ ሰው የማይገባበት ጫካ ሠርቷል፤ አምበራይሌ ቆስሎ እዚያ ከገባ የሚያገኘው የለም። የመጀመሪያው ምልክት፣ ማለትም አውሬው ሲመታ የቆመበት ቦታ፣ በድንጋይ ወይም በቅርንጫፍ መለየት ያለበት ለዚህ ነው። ሳላ ከመንጋው ጋር ሲሮጥ ዱካዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ቁስለኛው ግን እያደር ከመንጋው ይነጠላል፣ እግሩንም ይጎትታል።

የወደቀውን ሳላ ከፊት መቅረብ አደገኛ ነው፤ ቀጥ ያሉት ረጃጅም ቀንዶቹ አንበሳን እንኳ ይወጋሉ። ከኋላ ቀርቦ ዓይኑን በረጅም ዘንግ መንካት የተለመደ ዘዴ ነው፤ ዓይኑን ካርገበገበ በሕይወት አለ።

በአፍሪካ ሕጋዊ አደን በሰፊው እንደሚሠራበት፣ ቆስሎ የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ይህ አሠራር ተገቢ ነው፤ የአደን ኮታ የሚሰላው መንጋው ሊተካ የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲታደን ነውና፣ ጥሻ ውስጥ የሞተው ካልተመዘገበ ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ይሆናል። ሳላ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሏል። አደን በተከለከለበት በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በተባራሪ ጥይት ቆስሎ የሚሞተውን ሳላ ግን የትኛውም ኮታ አይቆጥረውም።