ቁጣው ከየት መጣ? መስጂድ ሲዘጋ፣ ክትባት ሲታዘዝ የተጎዳው መተማመን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የ2012 ረመዳን ሚያዝያ 16 ሲገባ ከየመስጂዱ አዛን ይሰማ ነበር። በሩ ግን ዝግ ነበር። ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ፣ ኢፍጣር ያለ ጎረቤት ተበላ። ግንቦት 16 የዋለው ኢድ አል-ፊጥርም ሜዳ ሙሉ ሕዝብ አንድ ላይ ሳይሰግድ፣ በየቤቱ በተክቢራ ታስቦ አለፈ። በዚያው ወራት ወላጁን ያጣ ሰው ጀናዛውን ከጥቂት ሰዎች ጋር ብቻ ሸኝቷል።

ያ ጊዜ አልፏል፤ አልሐምዱሊላህ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 አንስቷል። ቅሬታው ግን አብሮ አልተነሳም። ዛሬም በየመስጂዱ በረንዳ "ያኔ አታለሉን" የሚል አለ፤ ስለ ሌላ ክትባት፣ ስለ ሕጻናት ክትባት ጭምር ሲወራ ይህ ንግግር ይመለሳል። ስለዚህ ቁጣው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ቅሬታ ተገቢ እንደሆነና የትኛው ራሳችንን እንደሚጎዳ ለያይተን ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቅሬታ፦ መስጂድ ለምን ተዘጋ?

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ሳዑዲ ዓረቢያ ቀድማ ከውጭ የሚመጡ የዑምራ ተጓዦችን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2020 አግዳ ነበር፤ በማርች ወር አጋማሽም ከሁለቱ ሐረሞች በስተቀር በመስጂዶቿ የጀመዓ ሶላት ቆመ።

ይህ በዲናችን እንግዳ ነገር ነው? አይደለም። በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ኺላፋ ዘመን ሻም ውስጥ የዐምዋስ ወረርሽኝ ተነሳ። ወደ ሻም ሲጓዙ የነበሩት ኸሊፋ ሰርግ የሚባል ቦታ ሲደርሱ ዜናውን ሰሙ። ወዲያው ትእዛዝ አልሰጡም። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን፣ በመጨረሻም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ፤ ከዚያ ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) "ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነውን?" ብለው ሲሞግቷቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሸሽ እንደሆነ አስረዷቸው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትን፣ ካለበትም ሸሽቶ መውጣትን መከልከላቸውን ነገሯቸው።

ከዚህ ታሪክ ሰበብ ማድረስ ከተወኩል እንደማይጋጭ ብዙ ዑለማዎች አስተምረውናል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ምክክሩ ነው። ኸሊፋው ሥልጣን ነበራቸው፤ ሆኖም ሦስት ጊዜ አማከሩ፣ የተቃወማቸውንም በምክንያት መለሱለት። በእኛ ዘመን ብዙ ሰው የጎደለበት ይኸው ነው። ትእዛዙ ደረሰው፤ ምክንያቱ ግን በሚገባው ቋንቋ አልደረሰውም።

ሁለተኛው ቅሬታ፦ ሕጉ ለሁሉም እኩል አልነበረም

ሰው ከባድ ሕግን ይታገሣል፤ የማይታገሠው የሚያዳላ ሕግን ነው። መስጂዱ ዝግ ሆኖ ገበያው ሲጨናነቅ፣ ታክሲው ግማሽ ሰው ይዞ እጥፍ ሲያስከፍል፣ የቀን ሠራተኛው ከቤት እንዳይወጣ ሲመከር ቤት ውስጥ የሚበላው እንዳለው የጠየቀ ጥቂት ነበር። ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ከተራዘመ በኋላ ባሉት ጊዜያት ደግሞ አደባባይ የሞሉ ሰልፎች ታዩ። ይህን ያየ ሰው "በሽታው ሶላት ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚይዘው?" ቢል አይፈረድበትም።

በስደት ያሉ ወገኖቻችንም የራሳቸውን አይተዋል። ሐጅና ዑምራ በተዘጋበት፣ በረራ በቆመበት ጊዜ ኢትዮጵያውያንን ከሳዑዲ ማባረሩ ግን አልቆመም ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወረርሽኙ እንዳይስፋፋ ማባረሩ ለጊዜው እንዲቆም እስከመጠየቅ ደርሷል። ተመላሾቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ ወደ ለይቶ ማቆያ ገቡ።

ሕግ ከሳይንስም ከፍትሕም ሲርቅ ምን እንደሚመስል ከስሪላንካ በላይ የሚያሳይ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና የሞተን ሰው መቅበርም ማቃጠልም እንደሚቻል መመሪያ አውጥቶ እያለ፣ የስሪላንካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ሁሉም አስከሬን እንዲቃጠል አስገደደ። የሙስሊሞች ጀናዛ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ተቃጠለ። በዲሴምበር 2020 የ20 ቀን ጨቅላ ሕጻን አስከሬን ወላጆቹ እየተቃወሙ ሲቃጠል፣ ሰዎች በማቃጠያው አጥር ላይ የከፈን ምልክት አድርገው ነጭ ጨርቅ አሰሩ። ክልከላው የተነሳው በፌብሩዋሪ 2021 ነው፤ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በጁላይ 2024። እንዲህ ያለ ክልከላ ጤና ሊጠብቅ አይችልም፤ በሽታ ያለበት ሰው እንዲደበቅ ያደርጋል እንጂ።

ሦስተኛው ቅሬታ፦ የክትባቱ ወረፋና ወረቀት

የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፤ መጋቢት 4 ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ተጀመረ። በዚያው ሳምንት ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ይህንኑ ክትባት፣ ከስንት አንድ ከሚከሰት የደም መርጋት ጋር ተያይዞ፣ ለጊዜው አቆሙ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከቀናት በኋላ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ወሰነ። ሰው ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን "አውሮፓ ያቆመውን ለእኛ አመጡ" የሚለው ነበር።

ቀጥሎ አቅርቦቱ ተቋረጠ። ለእኛ የተላከው ክትባት የሚመረተው በሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ነበር፤ ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ስትጥለቀለቅ ወደ ውጭ መላኩን ገታችው። ሀብታም አገሮች ለሕዝባቸው ከሚበቃ በላይ ገዝተው ሳለ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሁለተኛውን ዙር መጠበቅ ጀመሩ።

ከዚያ ደግሞ የወረቀቱ ችግር መጣ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል የጉዞ ማረጋገጫ ሲጀመር፣ ሕንድ ውስጥ የተመረተው አስትራዜኔካ በተቆጣጣሪው ስላልጸደቀ አገሮች በራሳቸው ካልፈቀዱ በቀር ቁጥር ውስጥ አልገባም። ክትባቱ ያው፣ ቀመሩ ያው፤ ልዩነቱ የተመረተበት ፋብሪካ ነው። ሲኖፋርም የተከተበም ሌላ ፈተና ገጠመው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያጸድቀውም፣ ሳዑዲ በኦገስት 2021 ከውጭ ለሚመጡ የዑምራ ተጓዦች በሯን ስትከፍት በእርሱ ላይ ከፋይዘር፣ ከሞደርና፣ ከአስትራዜኔካ ወይም ከጆንሰን ተጨማሪ ክትባት እንዲወሰድ ጠየቀች። የታዘዘውን ፈጽሞ "የተከተብከው አይቆጠርም" የተባለ ሰው ቢቆጣ ምን ይደንቃል?

በሳዑዲ ውስጥም ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ያልተከተበ ሰው መሥሪያ ቤት፣ ገበያና ትራንስፖርት መጠቀም ተከለከለ። ማረጋገጫው "ተወከልና" በተባለው የስልክ መተግበሪያ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ወገናችን ለመመዝገብ መቅረቡ በራሱ ስጋት ነው።

ሌላው የመተማመን ቀዳዳ ቃል ከተግባር መራቁ ነው። ክትባቱ ከባድ ሕመምንና ሞትን በእጅጉ እንደቀነሰ ማስረጃው ግልጽ ነው። መተላለፍን የመግታት አቅሙ ግን በወራት ይዳከም ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን ሲመጣ የተከተቡትም በብዛት ታመሙ። አንዳንድ ባለሥልጣናት መጀመሪያ "ከተከተባችሁ አይዛችሁም" ብለው ስለነበር ሕዝቡ እንደ ውሸት ቆጠረው። ኦስትሪያ አዋቂዎችን ሁሉ የሚያስገድድ ሕግ በፌብሩዋሪ 2022 ሥራ ላይ አውላ በማርች አገደችው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሻረችው። "ከሞት ይጠብቅሃል፤ ጨርሶ እንዳይዝህ ግን ዋስትና አንሰጥም" ቢባል ኖሮ ንዴቱ ይቀንስ ነበር።

ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ ዋጋም አለው

ሙስሊሙ ክትባትን የጠረጠረው ከባዶ ተነስቶ አይደለም። በ1996 በናይጄሪያ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲነሳ ፋይዘር ትሮቫን የተባለ መድኃኒቱን በሕጻናት ላይ ሞከረ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2009 ኩባንያው ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በፓኪስታን አቦታባድ የኡሳማ ቢን ላደንን ቤተሰብ ለማረጋገጥ የጉበት በሽታ ክትባት ዘመቻን ሽፋን አደረገ። ዋይት ሐውስ የስለላ ድርጅቱ ክትባትን ለእንዲህ ያለ ሥራ ዳግም እንደማይጠቀም ያስታወቀው በ2014 ነው። በኤፕሪል 2020 ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች በቴሌቪዥን ክትባት አፍሪካ ውስጥ ይሞከር የሚል ሐሳብ ሲያነሱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊ ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም ዘረኝነት ነው ብለው አውግዘዋል።

ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ግማሽ መደበቅ አማና ማጉደል ነው። በ2003 በካኖ የፖሊዮ ክትባት ሲቋረጥ የከሰሩት የውጭ ኩባንያዎች አልነበሩም። እግራቸው የሰነፈው የካኖ ሕጻናት ናቸው፤ ከናይጄሪያ የተነሳው ቫይረስም ነጻ ወደነበሩ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ክትባቱ የተመለሰው የአካባቢው ዑለማዎችና አሚሮች ከተመካከሩ፣ አቅርቦቱም ሙስሊም አገር ከሆነችው ኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ከተደረገ በኋላ ነበር። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የተረጋገጠው በኦገስት 2020 ነው። ጥርጣሬው ምክንያት ነበረው፤ የከፈለበት ግን ሕጻን ልጅ ነው።

የሐላልነት ጥያቄም በዚሁ መንገድ ቢመለስ መልካም ነው። በ2021 የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤት አስትራዜኔካ በምርት ሂደቱ ከአሳማ የተገኘ ኢንዛይም ተጠቅሟል ሲል፣ ኩባንያው ከአሳማ ጋር ንክኪ የለውም ብሎ አስተባበለ። ምክር ቤቱ ግን በዶሩራ ምክንያት መጠቀሙ እንደሚፈቀድ ፈትዋ ሰጠ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የፈትዋ ምክር ቤትም ቀደም ሲል ተመሳሳይ አቋም ይዟል። ጥያቄው ነውር አይደለም። ነውሩ ጠያቂውን መሳለቅ፣ ወይም ያለ ዕውቀት በቴሌግራም ሐራም ማለት ነው።

ያልተቆጣንበት ግዴታ

አንድ ነገር እናስተውል። ሐጅ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት መውሰድ አለበት፤ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባትም ይጠየቃል። በ1987 ከሐጅ ጋር ተያይዞ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ስለተነሳ ነው ግዴታው የመጣው፤ በ2000 እና 2001 ሌላ ዝርያ ሲከሰት ክትባቱ አራት ዓይነት የሚከላከል እንዲሆን ተደረገ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ክንዳቸውን ሰጥተው፣ ካርዳቸውን ከፓስፖርታቸው ጋር ይዘው ሄደዋል። በዚህ የተነሳ ቁጣ አልሰማንም።

ለምን? ምክንያቱ ይታወቃል። ከጉዞው ቀድሞ ይነገራል። ከየትኛውም አገር የመጣ ሐጃጅ ይጠየቃል። በየሳምንቱ አይለዋወጥም። የሚጠብቀውም አብሮ ጠዋፍ የሚያደርገውን ሰው ነው። የኮሮናው ዘመን ግዴታ በብዙ ቦታ እነዚህን አራቱንም አጎደለ። በ2019 ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ያደረገው ሐጅ በ2020 ወደ ሺህ ገደማ፣ በ2021 በሳዑዲ ነዋሪ ወደሆኑ 60 ሺህ የተከተቡ ሰዎች ወረደ። በ2022 አንድ ሚሊዮን ሲፈቀድ ዕድሜው 65 የሞላ ታገደ። ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ተራው ሲደርስ 65 ያለፈ አዛውንት ገደቡ እስኪነሳ እስከ 2023 መጠበቅ ነበረበት። እስከዚያ አጀሉ የደረሰ አለ፤ አላህ በኒያው ይጻፍለት።

ለቀጣዩ ምን እንያዝ?

ወረርሽኝ ተመልሶ አይመጣም የሚል የለም። ከመንግሥትና ከጤና ተቋማት የምንጠብቀው ክልከላው ለመስጂዱም፣ ለገበያውም፣ ለሰልፉም በአንድ ሚዛን እንዲሆን፣ የሚያበቃበት ቀን አብሮ እንዲነገር፣ የክትባት ጉዳት የደረሰበት ሰው ሲናገር እንዲደመጥ ነው። ከመጅሊሱና ከዑለማዎቻችን የምንጠብቀው ሐኪሞችን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ፈትዋው ከወሬው ቀድሞ እንዲደርስ ነው።

ከራሳችን ደግሞ ፍትሕ እንጠብቅ። ያስቆጣንን ሰው እንጠይቅ፤ ቁጣችንን ግን በልጆቻችን ላይ አንወጣ። የኮሮና ፖሊሲ ስላናደደን ልጃችንን የኩፍኝና የፖሊዮ ክትባት ብናስቀርበት የሚታመመው ያናደደን ባለሥልጣን አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) ሰርግ ላይ አማክረው፣ ሞግተው፣ ሰበብ አድርሰው ተመለሱ። እኛም የሚያማክረን መሪ እንጠይቅ፤ ሲያማክረን ደግሞ በዕውቀት እንመልስ።

አላህ የታመሙትን ይማር፣ በዚያ ወረርሽኝ ያለፉትን ይዘንላቸው። ወላሁ አዕለም።