ዲቴክተሩ «52» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ሰውየው ስልኩን ከቀይ አፈር በላይ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል፤ ስልኩ ይጮኻል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል፤ «እዚህ ወርቅ አለ» ይላል። የእህቴ ልጅ ያንኑ መተግበሪያ ጭኖ ቤቴ ድረስ መጣ። የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «በል ፈልገው» አልኩት። ስልኩ ትንፍሽ አላለም። ምስማር አምጥቼ አስጠጋሁ፤ ጮኸ። «ታዲያ ሰውየው እንዴት አገኘ፣ ጋሼ?» አለኝ። አላገኘም።

ስልክ ውስጥ ያለው ማግኔቶሜትር ለኮምፓስ የተሠራ ነው። የሚለካው የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ በእኛ ሀገር 36 ማይክሮ ቴስላ አካባቢ። ብረት ወይም ማግኔት ሲጠጋው ቁጥሩ ይዘላል። ወርቅ ይህን መስክ የሚነካው እጅግ በጣም በጥቂቱ ስለሆነ ስልክ ሊሰማው አይችልም። ነገሩ በዚህ አለቀ። ማንም «የእኔ ስልክ አዲስ ሞዴል ነው» ቢል መልሱ አይለወጥም።

ያናደደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጁ ተናዶ ያንን መተግበሪያ ሲያጠፋ አብሮ ሌላ አንድ ጠቃሚ ሶፍትዌር ሊያጠፋ ነበር፤ ሲሙሌተር። ይህኛው «አገኛለሁ» ብሎ አያውቅም። የእውነተኛ ዲቴክተርን ገጽታ ስክሪን ላይ ያስቀምጣል፤ ሳንቲም፣ ቀለበት፣ ምስማር፣ ቆርኪ ስትመርጥለት ዲቴክተሩ የሚያሰማውን ድምፅና የሚያሳየውን ቁጥር ይሰጥሃል። መኪና ከመንዳትህ በፊት የመንገድ ምልክት እንደማጥናት ያለ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ «ውሸት» ብሎ መጣል ስህተት ነው። ሲሙሌተሩን ተለማምዶ «አሁን ወርቅን በቁጥር እለያለሁ» ማለት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው። ምክንያቱን ለማየት ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። ብዙዎቻችን መሣሪያውን «ብረት መፈለጊያ» እንለዋለን። አማርኛችን «ብረት» በሚለው ቃል አንዳንዴ ምስማር የሚሠራበትን ብረት፣ አንዳንዴ ወርቅንም መዳብንም ጨምሮ ብረታ ብረትን ሁሉ ይጠራል። ወርቅ ፈላጊ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መለየትና መተው የሚፈልገው ያንኑ ምስማር ነው። ስለዚህ ሥራው ላይ ያሉ ሰዎች እንደሚሉት «ዲቴክተር» ልበለው።

ዲቴክተር ከታች ክብ ኮይል አለው። በኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየለዋወጠ ይፈስሳል፤ በተለመዱት መሣሪያዎች በሴኮንድ ከጥቂት ሺህ እስከ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ። ከዚህ የሚወጣው ተለዋዋጭ መስክ መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት ሲያገኝ በአካሉ ውስጥ እንደ ወንዝ አዙሪት የሚዞር ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ፋራዳይ መሠረቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። አዙሪቱ በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይፈጥራል፤ ዲቴክተሩ የሚያዳምጠው ይህንን መልስ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምስጢሩ ሁሉ ያለው መልሱ በሚዘገይበት ልክ ላይ ነው። መዝሙር ላይ መሪው ሲያነሣ ተቀባዩ ትንሽ ዘግይቶ እንደሚገባ፣ አዙሪቱም ከኮይሉ ዘግይቶ ይከተላል። አንዳንዱ ተቀባይ ወዲያው ይገባል፤ አንዳንዱ ይጎትታል። ወይም ምጣድን አስብ። እሳቱ ከሥሩ ሲወጣ ወፍራሙ ምጣድ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ስስ ጣሳ ግን ወዲያው ይቀዘቅዛል። አዙሪትም አንዳንዱ ብረታ ብረት ውስጥ ቶሎ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ውስጥ ይቆያል። ይህ ቆይታ በማይክሮ ሴኮንድ ይለካል። ዲቴክተሩ መዘግየቱን ለክቶ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል፤ አንዱ ኩባንያ ከ0 እስከ 99፣ ሌላው ከዜሮ በታች 95 እስከ ከዜሮ በላይ 95፣ እንደየምርጫው።

ቆይታውን የሚወስነው ምንድን ነው? አንዱ ብረታ ብረቱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ነው። ሌላው መጠኑ ነው፤ እሱ ግን በካሬ ይገባል፤ ለድፍን ኳስ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ቆይታው አራት እጥፍ ይሆናል። ሂሳቡን ሠርተን እንየው። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የንጹሕ ወርቅ ኳስ ቆይታው 6 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ነው። 2.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ኳስ ቆይታም ያው ነው። ሁለቱን በቁጥር የሚለይ ዲቴክተር የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ለሁለቱም የሚደርሰው መልስ አንድ ዓይነት ነውና። ወርቁ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግሞ ቆይታው ወደ 140 ማይክሮ ሴኮንድ ይወጣል፤ ያው ወርቅ ፈጽሞ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ሚዛን «አምስት ኪሎ» ሲል ጤፍ ይሁን ጨው አይናገርም። የዲቴክተር ቁጥርም እንዲሁ ነው።

ለልጁ በቃል ከማስረዳት ከጓደኛዬ ዲቴክተር ተውሼ አሳየሁት። አንድ ጣት የምታህል የመዳብ ሽቦ አጥፌ ክብ አደረግሁና ጫፎቿን አጠማዝዤ ገጠምኩ። ኮይሉ ሥር ሳሳልፋት ጥርት ያለ ድምፅና የረጋ ቁጥር ሰጠች። ከዚያ ጫፎቿን ለያየኋቸው፤ በመሃላቸው የጤፍ ቅንጣት የምታህል ክፍተት ብቻ። ዲቴክተሩ ጸጥ ለማለት ምንም አልቀረው። መዳቡ ያው መዳብ ነው፤ ክብደቱም ያው። የተለወጠው አዙሪቱ የሚዞርበት መንገድ መቆረጡ ነው። የተሰበረ የወርቅ ጉትቻ ከሙሉው እጅግ ዝቅ ብሎ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በባሕር ዳርቻ የተለያየ ዕቃ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጥ በየቀኑ ያያሉ። ከ0 እስከ 99 በሚያሳይ አንድ ታዋቂ መሣሪያ ላይ የአምስት ሳንቲሙ ኒኬል 52 አካባቢ ይነበባል፤ የጣሳ መክፈቻ ቁራጭና የሴት የወርቅ ቀለበትም እዚያው ሰፈር ይውላሉ። ሲሙሌተሩ «52» ላይ ወርቅ ብሎ ከጻፈ፣ ከእሱ ጎን ቆሻሻውንም መጻፍ አለበት።

እስካሁን ያልኩት በንጹሕ አየር ላይ ነው፤ ብዙ ሲሙሌተሮችም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አፈር ሲገባበት ሌላ ነው፤ አንድ የቆየ ታሪክ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ ያለውን ጥይት በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ ሠራ። ከጦርነት ጥይት ይዘው በቀሩ አርበኞች ላይ ሞከረው፤ ሠራ። ፕሬዚዳንቱ አልጋ አጠገብ ሲመጣ ግን ድምፁ ተምታታ። አልጋው የብረት ሽቦ ነበረው። ሐኪሞቹም ጥይቱ በቀኝ ነው ብለው በዚያው በኩል ብቻ አስፈለጉት፤ ጥይቱ የተገኘው ከሞታቸው በኋላ በግራ ነው። መሣሪያው ልክ ነበር፤ ልምምዱም ልክ ነበር። ከሥሩ ያለው ነገር ግን ልምምዱ ላይ አልነበረም።

የእኛ የወርቅ ፈላጊዎች አልጋ አፈሩ ነው። በቤኒሻንጉልም በጉጂም ወርቅ የሚያጥብ ሰው ጥቁር አሸዋውን ያውቀዋል፤ በውስጡ ያለው ማግኔታይት ለዲቴክተር የማያቋርጥ ጫጫታ ነው። ርቀቱም ይጨመርበት፤ ኮይሉ ከዕቃው በእጥፍ ሲርቅ ከሩቅ ያለ ትንሽ ዕቃ የሚመልሰው ምልክት ወደ 1/64 ይወርዳል። ያ ደካማ ድምፅ በአፈሩ ጫጫታ ሲሸፈን ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ጥልቅ ወርቅ እንደ ምስማር ሊነበብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከባድ አፈር ላይ የሚሠሩ ብዙዎቹ ፐልስ የሚባለውን ዓይነት ይይዛሉ፤ እሱ አጭር ምት ልኮ የአዙሪቱን መክሰም ያዳምጣል፤ ብዙ ጊዜም ቁጥር አይሰጥም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

እኔ የጂኦፊዚክስ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ በጥንቃቄ ልናገር ይገባል። የኳሱ ቀመር ለኳስ ነው፤ የወንዝ ወርቅ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ ቀዳዳ ሊኖረው፣ ከድንጋይ ጋር ሊጣበቅም ይችላል፤ ስለዚህ ቆይታው ከቀመሩ ያንሳል። የቆየ ብረት ዝገቱ በአፈር ውስጥ ስለሚሰራጭ ምልክቱን እንደሚያሰፋው ይነገራል፤ ለሌሎች ብረታ ብረቶችም ይህ ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ብዙ ያከራክራል፤ ወርቅ ግን ስለማይዝግ እኔ ለወርቅ አልቀበለውም። የአፈርን ጫጫታ በሶፍትዌር መሥራት ይቻላል፤ የእናንተን አፈር ለመሥራት ግን የእናንተን አፈር መለካት ይጠይቃል።

ስለዚህ ሲሙሌተሩን ጫኑ፤ ጆሮአችሁን አሠልጥኑበት። ከዚያ ግቢያችሁ ውስጥ ምስማር፣ ቆርኪ፣ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ሳንቲምና ቀለበት በ5፣ በ10ና በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፤ ቦታቸውን ምልክት አድርጉ፤ በደረቁም በዝናቡም ወቅት መዝግቡ። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ግን ዲቴክተር የጮኸበትን ቦታ አትቆፍሩ፤ ያ ድምፅ ፈንጂም ሊሆን ይችላልና ለሚመለከታቸው አሳውቁ።

የእህቴ ልጅ ሲሙሌተሩን አላጠፋውም። የቀበርናቸውን ዕቃዎች ቁጥር በደብተር እየጻፈ ነው። በ15 ሴንቲ ሜትር የቀበርነው ቀለበት ሦስት ጊዜ ሲያልፍበት ሦስት የተለያየ ቁጥር ሰጠው፤ ሦስቱንም ጻፋቸው። ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለችው ቀለበት ያላት ቁጥር አንድ ነው።