አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ

ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነጭ ሃይሉክስ ቆሟል። አንድ ወጣት በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ «ጋሼ» የሚለው አሠሪው ደግሞ በውጭ በኩል ኮፈኑ ላይ ደገፍ ብሏል። በመሐላቸው ያለው የመኪናው የፊት መስታወት ብቻ ነው። ሁለቱም አንዳንድ አጭር እንጨት ጨብጠዋል። ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ከክራር ጅማት የማይወፍር የብረት ክር ተወጥሮ በመስታወቱ ጠርዝ ሥር ያልፋል። «ሃርኪሲ» ይላል ትልቁ በአፋን ኦሮሞ፤ ሳብ ማለቱ ነው። ልጁ ይስባል። «ሱታ፣ ሱታ»፤ ቀስ በል።

መስታወቱ ደህና ነው፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም። የሚወጣው ከሥሩ ያለው ላሜራ ስለዛገ ነው። ላሜራው ተበይዶ ቀለም ከተቀባ በኋላ ይኸው መስታወት ተመልሶ ይገባል። ቢሰበር ምትኩን ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ መውረድ፣ ተገኝቶም በዚያ ሁሉ መንገድ እንደ እንቁላል ተይዞ መምጣት አለ። ይቺ ክር የምታስቀረው ይህን ሁሉ ወጪና ድካም ነው።

የፊት መስታወት እንደ በር መስታወት አይደለም። የበሩ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ አንዴ ከተመታ ባቄላ በሚያህል ፍርፋሪ ይበተናል። የፊቱ ግን ሁለት መስታወቶች በመሐላቸው ስስ ፕላስቲክ ተደርጎ የተጣበቁበት ነው። የዚህ ዓይነቱን መስታወት እ.ኤ.አ. በ1909 በባለቤትነት ያስመዘገበው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ከፊት የሚሄድ ሲኖትራክ ጠጠር ሲያስፈነጥር መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል እንጂ ሾፌሩ ላይ አይረግፍም፤ ፕላስቲኩ ይዞታል። በዚያው ምክንያት በመዶሻ መትቶ ማውጣት አይቻልም። ከታሰረበት መፈታት አለበት።

አስተሳሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። የቆዩት አይሱዙዎች፣ ሰባ ቁጥር ላንድክሩዘሮችና ከጊንጪ እስከ ባኮ ከተማ የሞሉት ባጃጆች መስታወታቸው በጎማ የተያዘ ነው። ለእነዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ጫፉ የደነዘ ካቻቢቴ ወስዶ የጎማውን ከንፈር ከውስጥ እየገለበጡ ቀስ ብሎ በመዳፍ መግፋት ነው። መልሶ ለመግጠም ደግሞ በጎማው ስንጥቅ ዙሪያ ሲባጎ ይቀበርና ሳሙና ይቀባል። አንዱ ከውጭ መስታወቱን ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፤ የጎማው ከንፈር እየተገለበጠ ላሜራውን ይጎርሳል። ቀርቦ ላየው ደስ የሚል ሥራ ነው።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ጎማው ቀርቶ ጥቁር ማጣበቂያ መጥቷል። ፖሊዩሬቴን ይባላል፤ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ነገር ግን በእጅ የማይላቀቅ ነው። በዚህ የተጣበቀ መስታወት የመኪናው አካል ይሆናል። መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደረመስ ያግዛል። በተሳፋሪው በኩል ያለው የአየር ከረጢትም በብዙ መኪኖች ሲነፋ የሚደገፈው በዚሁ መስታወት ነው። እንዲህ ያለውን ማጣበቂያ ለመቁረጥ ክርና ቢላ አሉ።

ክሩ እንዲህ ይሠራል። ጠራጊዎቹና የጠርዙ ሽፋን ይነሳሉ፤ ዳሽቦርዱ እንዳይቧጠጥ ካርቶን ይነጠፍበታል። በታችኛው ጥግ ማጣበቂያው በወስፌ ይበሳል፤ የክሩ አንድ ጫፍ በዚያ ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች እንደ መጋዝ ይስባሉ፣ ይለቃሉ። ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት፦ ክሩ ሁልጊዜ ወደ መስታወቱ እንጂ ወደ ላሜራው አይጠጋ፤ ማጣበቂያው ላይ ውኃ ይርከፍከፍ፤ ጥድፊያ አይግባ። ሲጣደፉ ክሩ ይግላል፣ ሲግል ይበጠሳል። ጥግ ላይ ሲደርስ የውስጡ ሰው እጁን አጥብቆ ይይዝና የውጭው ብቻ ይስባል። «ሃርኪሲ» እና «ሱታ» የሚፈራረቁት ለዚህ ነው።

ቢላውን ለማያውቅ ሰው የማስረዳው በማረሻ ነው። እጀታ አለው፤ ከእጀታው ሥር ወደ ጎን የታጠፈ፣ ሲደንዝ የሚቀየር ስለት ይታሰራል፤ ከስለቱ አጠገብ ደግሞ ጫፉ ላይ መያዣ ያለው አጭር የሽቦ ገመድ ተያይዟል። ስለቱ በመስታወቱ ሥር ይሰካል። አንዱ እጅ እርፍ ይዞ አቅጣጫ ይሰጣል፤ ሌላው እጅ በሬ ሆኖ ገመዱን ይጎትታል። እርፍ የያዘው እጅ ከዘነጋ ስለቱ ከፈሩ ይወጣል። በእንግሊዝኛ «ቀዝቃዛ ቢላ» የሚል ስም የወጣለት በኤሌክትሪክ ከሚግለው ለመለየት ነው፤ የሚግለው ማጣበቂያውን እያቃጠለ ለሳንባ የማይበጅ ጭስ ያወጣል።

ቢላው ፈጣን ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራበታል። መስታወቱ ቀድሞውኑ የተሰበረ ከሆነ ከእሱ የሚሻል የለም። መስታወቱ ተመልሶ የሚገባ ሲሆን ግን ክሩን እመርጣለሁ። ቢላ ወደ ላይ ቀና ሲል የመስታወቱን ጠርዝ ይሸርፋል፣ ወደ ታች ሲያጎነብስ ቀለሙን ይፍቃል፤ ክር ግን ማጣበቂያውን ተከትሎ ይሄዳል። ሁለት ሰው ይፈልጋል ብለው የሚተዉት አሉ። ሁለት ሰው መፈለጉን እንደ ጉድለት አላየውም፤ አንዱ የማያየውን ሌላው ያያል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የራሴን መኪና መስታወት በቢላ ያወጣ ባለሙያ ላሜራውን ፍቆ፣ ዝገት የሚከላከለውን ፕራይመር ሳይቀባው አዲሱን መስታወት ለጠፈበት። በክረምቱ ከዳሽቦርዱ ሥር ውኃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሌላ ባለሙያ በሲሊኮን ደፈነው። በቀጣዩ ክረምት መስታወቱ ሲወጣ ላሜራው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ነበር። ሲሊኮኑም ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ፖሊዩሬቴን በሲሊኮን ላይ ስለማይዝ ሁሉም ተፍቆ እስኪጠራ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ።

ላሜራው እንዳይራቆት ነው አሮጌው ማጣበቂያ ጨርሶ የማይፋቀው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ሽፋን ላሜራው ላይ ይተዋል፤ አዲሱ በዚያ ላይ ጥሩ ይይዛል። የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሆነ በደረቁ በጥር በሐምሌ ከሚወስድበት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ቅዝቃዜም ያዘገየዋል። እስከዚያ መኪናው ቆሞ ይዋል፤ በርም በኃይል አይዘጋ።

ጉደር መንገድ ላይ ያሉት ሁለቱ ክሩን ከተነሱበት ጥግ አድርሰው ጨረሱ። ልጁ ወርዶ ዞረ፤ ግራና ቀኝ ይዘው መስታወቱን አነሡና አሮጌ ፍራሽ ላይ አስተኙት። ትልቁ ሰውዬ ወደ መኪናው ተመልሶ ከዛገው ጎን በስተቀር በጥቁሩ ሽፋን ላይ ጣቱን እያስኬደ ዙሪያውን ዳሰሰ። ከላይ በቀኝ ጥግ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ከጤፍ የማትበልጥ የላሜራ ጭረት ታበራለች። ቀና ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ልጁም ፕራይመሩን አቀበለው።