የአሮጌ ቤት ግድግዳ ስለ ማደስና ስለ መጀመሪያው ምርጊት

በከፋ፥ በቦንጋና በዙሪያዋ ዝናም ብዙ ነው፤ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንማል። ስለዚህ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ አስቀድሞ የሚያረጀው ከእግሩ ነው። ከክዳኑ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን እየመታ ጭቃውን ያጥበዋል፤ እንጨቱም ይገለጣል፤ ከዚያ ወዲያ ብስባሴና ምስጥ ይከተላሉ። ከላይ ሲያዩት ደኅና የሚመስለውን ቋሚ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በቢላዋ ሲወጉት ያለ ችግር ከገባ፥ ያ ቤት የቆመው በልማድ ነው እንጂ በእንጨት አይደለም።

የበሰበሰውን ሁሉ ባንድ ቀን የነቀለ ሰው ጣራውን በቤተ ሰቡ ላይ ያወርዳል። አስቀድሞ ወራጁን በድጋፍ ያቁም፤ የትምህርት ቤት እንደ ሆነ ደግሞ ልጆቹ በሌሉበት ቀን ይሁን። ከዚህ በኋላ አንዱን ቋሚ አውጥቶ አዲሱን ይትከል፤ ከማገሩ ጋራ አጥብቆ ካሰረ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይለፍ። አዲሱ እንጨት የደረቀና ቅርፊቱ የተላጠ መሆን አለበት፤ ቅርፊት እርጥበት ይይዛልና፥ ለነቀዝም መጠለያ ይሆናል።

ጥድና ወይራ ምስጥን ይታገሣሉ። ነገር ግን የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዱር ቡናውም የሚበቅለው ከዛፉ ጥላ ሥር ነውና ለአንድ ቋሚ ሲባል ትልቅ ዛፍ መጣል አይገባም። የአሮጌውን እንጨት የበሰበሰ ጫፍ ቆርጦ፥ የቀረውን በድንጋይ መሠረት ላይ አቁሞ ከጎረቤቶቹ ቋሚዎች ጋራ በማገር ማሰር ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምርጊቱ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋራ ተረግጦ ጥቂት ቀን ቦክቶ ይሰንብት። የመጀመሪያው ምርጊት በእጅ እየተጠቀጠቀ በማገሩ መካከል ይገባል፤ ለዓይን አያምርም፥ ማማርም የለበትም፤ ፊቱ ሻካራ ሲሆን ሁለተኛውን ይይዛልና። ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ይህ ውኃው የመውጣቱ ምልክት እንጂ ጥፋት አይደለም። ስንጥቁ ሳያበቃ የቸኮለ ሰው ልስኑም አብሮ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ውኃ ረጭቶ በደቃቅ ጭቃና በእበት ይለስነዋል። ለዚህ ሁሉ ፀሐይ ያስፈልጋልና ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሁን።

ዛሬ አንዳንዱ በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይደርባል። ውበቱ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲሚንቶ ከጭቃ ጋራ አይስማማምና እየቆየ ይላቀቃል፤ ወደ ውስጥ የገባውንም እርጥበት መውጫ ስለሚከለክለው እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል። ኖራ ቢቀቡት ግን ግድግዳው ይተነፍሳል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጠፈጠፉ በሚወድቅበት ስፍራ ቦይ ይቆፈር፤ ዝናሙ ሳይጀምርም በየዓመቱ ይጠረግ።