የገበሬው ሕይወት የታየበት ፊልም ገበሬው ዘንድ ይድረስ

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ሕይወት የምትፈልቅ እንደ መሆኗ መጠን የመጨረሻ ዳኛዋም ሕዝብ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1968 ዓ.ም. ለዕይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የጭሰኛንና የባላባትን ግንኙነት ገልጦ ያሳየ ሥራ ነው። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙም በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የዬኔንጋን የወርቅ ፈረስ ተቀዳጅቷል።

እነዚህ ድሎች የሚያኮሩን ናቸው። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ከተሞች የበለጠ የሚያስተምረን ዋጋዱጉ ነው። ፌስቲቫሏ በ1961 ዓ.ም. የተመሠረተው አፍሪካውያን የራሳቸውን ፊልም በራሳቸው ምድር እንዲያዩ ነውና።

ይህ ትምህርት ወለጋንም ይመለከታል። ምርቱን ለባላባት ሲሰፍር የኖረው የወለጋ ጭሰኛ ከዚያ ቀንበር የተላቀቀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አዛውንት ዛሬም በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በኑኑ ቁምባ አሉ። የዚያ ፊልም እውነተኛ ሐያስያን እነርሱ ናቸው።

ይህን ስንል ፊልሞቻችን ወደ ውጭ አይሂዱ ማለታችን አይደለም። ከቬኒስ መልስ ነቀምትም ይድረሱ፤ በአፋን ኦሮሞ ይተርጎሙ፤ ከትርዒቱም በኋላ ሕዝቡ ይወያይባቸው ማለታችን ነው። ለዚህም ነጭ ሸራ፣ ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር ይበቃሉ። አዛውንቱ ያዩትን ሲመሰክሩ ወጣቱ የሚያርሰው መሬት በምን ዋጋ እንደ ተገኘ ይረዳል። ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት የለም!