ለሁለት ሌሊት ድንኳን ምን ይሰነቅ? ተረትና እውነታ

ቅዳሜና እሑድን ድንኳን ተክሎ ለማሳለፍ የሚሰናዳ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው ምግብ ነው። የሚሰማው ምክርም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ደጋ ብርድ ስለሆነ ሥጋ አይበላሽም፣ ውሃ ከፈላ ሁሉም ነገር ይበስላል፣ የተራራ ምንጭ ደግሞ ንጹሕ ነው ይባላል። ሦስቱም የሚያሳስቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ የውሃን ጠባይ ይዘነጋሉ። በምግብ ውስጥ ያለ ውሃ ሸክም ከመሆኑም በላይ ለተህዋስያን መራቢያ ነው። በድስት ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ቦታው ከፍታ ሙቀቱ ይለያያል። ይህን የተረዳ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ለመወሰን አይቸገርም፤ መልሱም አያቶቻችን ስንቅ ካሉት ብዙ የራቀ አይደለም።

«ደጋ ነው፣ ሥጋው አይበላሽም» የሚለው እምነት የሚያሳስተው ከፊል እውነት ስላለው ነው። በስሜን ተራሮች የበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቀን ግን ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ በተዘጋ መኪና ወይም በድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ምግብ ከውጭው አየር ይልቅ ይሞቃል። በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይራባሉ። ስለዚህ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች ጥሬ ሥጋም ሆነ የበሰለ ወጥ በዚህ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ያስጠነቅቃሉ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በሚያልፍበት የቆላ ቀን ገደቡ 1 ሰዓት ብቻ ነው። «ቢቆይስ፣ መልሰን እናፈላዋለን» የሚል አይጠፋም። ማፍላት አብዛኛውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ አስቀድሞ የተወው መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም። በድስት ያደረ ወጥ ጠዋት ቢንተከተክም ሆድ ሊያውክ የሚችለው ለዚህ ነው።

የጥንቱ ስንቅ ይህን ችግር የፈታው ውሃውን በማስወገድ ነው። የበሶ ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፣ ቋንጣው ተዘልዝሎ ይደርቃል፣ ቅቤው ሲነጠር ውሃው ተንኖ ያልቃል። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ በላስቲክ ታፍኖ ሲሻግት ድርቆሽ ግን ሰንብቶ የሚበላው ለዚህ ነው። ክብደትም ይቀንሳል፤ 100 ግራም የእህል ዱቄት 350 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ለአንድ ሰው በቀን 700 ግራም ገደማ ደረቅ ስንቅ ለመካከለኛ ጉዞ ይበቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «የፈላ ውሃ የትም አንድ ነው» የሚለው ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ግን መፍያው 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በላንጋኖ 95፣ በአዲስ አበባ 92፣ 3,600 ሜትር በሚያልፈው የስሜኑ ጨነቅ ሰፈር ደግሞ 88 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ማንደድ ሙቀቱን አይጨምርም፤ ውሃውንና ጋዙን ብቻ ይጨርሳል። ባቄላና ምስር በዚያ ከፍታ ብዙ ሰዓት የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው። ሽሮ ግን እህሉ አስቀድሞ ታምሶና ተፈጭቶ ስለመጣ ቶሎ ይደርሳል፤ በሶም እሳት ጨርሶ አይፈልግም።

«ለመዝናናት ወጥቶ ደረቅ ስንቅ መብላት ምን ደስታ አለው?» የሚለው ተቃውሞ መልስ ይገባዋል። ትኩስ ምግብ አይከለከልም፤ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው። ቤት በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ሥጋ በበረዶ ሣጥን ተይዞ አርብ ማታ ይጠበስና በዚያው ማታ ይለቅ። ቅዳሜ ጠዋት በሶ በማር ወይም ጭኮ፣ ምሳ ዳቦ በአቮካዶና በቲማቲም፣ ራት ሽሮ በእንጀራ ይሁን። የእሑድ ቁርስ ቋንጣና ድርቆሽ ተፈርፍሮ ይቅረብ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ያለ በረዶም ሁለት ቀን ይቆያሉ። ይህ የድኽነት ማዕድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምግብ በሚያምርበት ሰዓት የሚበላበት ሥርዓት ነው።

የመጨረሻው ተረት «ከተራራ የሚወርድ ምንጭ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። ጥራት በዓይን አይለካም፤ ከበላይ ከብት ከዋለበት፣ ኩል የመሰለው ውሃም ጃርዲያ የተባለውን ሆድ አዋኪ ተህዋስ ሊይዝ ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩት፤ 88 ዲግሪም ቢሆን ተህዋስያኑን ለመግደል በቂ ነው። ለዚህ የሚሆነውን ጋዝ አስቀድመው ያስቡ፤ በከፍታው ላይ ያለው የአስታ ዛፍ አድጎ የሚተካው በብዙ ዘመን ስለሆነ ለማገዶ አይቁረጡት። ትርፍራፊውንም ለጭላዳ አይወርውሩ። ጭላዳ በዋናነት ሣር በል እንስሳ ነው፤ የሰው ምግብ ከለመደ ድንኳን መዝረፍ ይማራል።

እንግዲህ ከመነሣትዎ በፊት ማዕዶቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፣ እያንዳንዱን ለክተው ለየብቻ ይቋጥሩ፣ የሚበላሸውን አስቀድመው ይብሉ፣ ደረቁን ለኋላ ያቆዩ። የተረፈውንና ቆሻሻውን ይዘው ይመለሱ፤ ቦታውን እንዳገኙት ይተዉት።