የፋብሪካ ሠራተኞችና የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት

(በራዲዮ የተነገረ)



ስለ አካባቢ ጥበቃ በተነገረ ቍጥር አሳባችን ወደ ዱርና ወደ አራዊት ይሄዳል። ነገር ግን ወንዝን የሚያጠቍረው ውሃና አየርን የሚያከብደው ጢስ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ሠራተኞችና ማኅበሮቻቸው የሥራ ቦታቸውን ከብክነትና ከብክለት እንዲጠብቁ ሊሰጣቸው ስለሚገባው ትምህርት ይሆናል።

ነገሩ እንዲገለጽልን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በብዙ ፋብሪካዎች ውስጥ አየርን አምቆ በቧንቧ የሚያከፋፍል፥ ኮምፕሬሰር የተባለ መኪና ይገኛል። ይህ መኪና ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ጠቃሚ ሥራ የሚለወጠው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ሲሆን፥ የቀረው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እንዲህ በውድ ዋጋ የተገኘው አየር ደግሞ በላላ መጋጠሚያና በተሰነጠቀ የጎማ ቧንቧ እየሾለከ ይባክናል፤ ጥገና በጎደለበት ፋብሪካ ከአምስት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ የበለጠው ምንም ሳይሠራበት ይቀራል። ታዲያ ቀዳዳውን የሚያውቀው ማን ነው? ሒሳብ ሹሙ የሚያየው የመብራት ሒሳቡን ብቻ ነው። ሌሎቹ መኪኖች ጸጥ ሲሉ ፉጨቱን የሚሰማው የሌሊት ተረኛው ነው፤ በመጋጠሚያውም ላይ የሳሙና ውሃ ቢቀባ አረፋው እየተነፋ ቦታውን ያሳየዋል። ትምህርት የሚያስፈልገው ይህን ፉጨት በኪሎዋትና በብር ቈጥሮ ለአለቃው ለማስረዳት እንዲችል ነው፤ መስማትንስ ከማንም አይማርም።

ሠራተኛው ያውቃል ማለታችን ለማሞገስ ያህል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሉካስ ኤሮስፔስ በተባለው የአውሮፕላን ዕቃ ሠሪ ኩባንያ ሠራተኞች የመባረር ሥጋት ቢደርስባቸው፥ የማኅበሮቻቸው ተጠሪዎች በአንድነት መክረው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. አንድ ዕቅድ አወጡ። አስቀድመው ምክር የጠየቁት ከሊቃውንትና ከታወቁ ተቋሞች ነበር፤ መልስ የሰጧቸው ግን እጅግ ጥቂቶች ሆኑ። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ለገዛ ሠራተኞቻቸው ቢያቀርቡት፥ ሊሠሩ የሚችሉ 150 ያህል ጠቃሚ ዕቃዎች ተዘረዘሩ፤ ከነዚህም መካከል ቤትን በጥቂት ኃይል የሚያሞቅ መሣሪያና ነዳጅን ከኤሌክትሪክ ጋር አጣምሮ የሚሠራ ሞተር ይገኙ ነበር። የኩባንያው አስተዳደር ዕቅዱን አልተቀበለውም። ዛሬ ሁለቱም ዓይነት ዕቃዎች በዓለም ገበያ ይሸጣሉ።

እንግዲህ በዚያ ስፍራ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን የመደመጥ መብት ነበረ። ይህንኑ የዚያው አገር ሕግ ያስረዳናል። በዚያው አቆጣጠር ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበር የተመረጠ የደኅንነት ተጠሪ ደመወዙ ሳይቀነስ በሥራ ሰዓት እንዲማርና የሥራ ቦታውን እንዲመረምር በሕግ ተፈቀደለት። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም የሠራተኞችን ትምህርት የሚከታተለው ተጠሪ ተመሳሳይ ፈቃድ አገኘ። ኋላ ማኅበሮቹ የአካባቢ ጥበቃ ተጠሪዎችን መርጠው ማስተማር ሲጀምሩ ግን ለእነዚህ እንዲህ ያለ መብት በሕግ ስላልተጻፈላቸው፥ ለመማሪያ የሚሆነው ጊዜ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ ወደቀ። ተምሮ አንዲት ሰዓት የማይሰጠው ተጠሪ፥ ዘር ተቀብሎ መሬት እንደ ተነፈገ ገበሬ መሆኑ ነው።

በአገራችን መንገዱ የተዘጋ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዛል። ጢሱም፥ አቧራውም፥ የቀለሙም ውሃ ከአጥር ውስጥ ሳሉ የሠራተኛውን ጤና፥ አጥሩን ከተሻገሩ በኋላ የጎረቤቱን ጤና ይነካሉ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለቀለም ነካሪው ጓንት የሚጠይቅ ኮሚቴ፥ ከጨርቁ ጋር ሳይዋሐድ የቀረው ቀለም ከአጠባው ውሃ ጋር ወዴት እንደሚፈስ ቢጠይቅ ከሥራው ወጣ አያሰኘውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ አዲስ ኮሚቴ ከመፍጠር ይልቅ ያለውን ማስተማሩ ይሻላል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ያልተጣራ ውሃ በሌሊት ሲለቀቅ ያየ ሠራተኛ፥ ቢናገር እንጀራውን እንዳያጣ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮርስ ብቻውንም አያስወግድለትም። የሠራተኛ ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት በሚፈራረምበት ጊዜ የትምህርቱን ሰዓት ከነደመወዙ፥ እንዲህ ያለውን ጉድለት ያመለከተ ሠራተኛም ከመቀጣት የሚጠበቅበትን ቃል በግልጽ ማስጻፍ ይችላልና።